የወጣት አንጎልና ሲጋራ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሲጋራ ነው። ሳንባ እንደሚጎዳማ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ዛሬ የምናወራው ግን ስለ አንጎል ነው። ያውም ስለ ወጣት አንጎል።

የበግ ጭንቅላት ሲፈለጥ አይታችሁ ይሆናል። አንጎሉ ከላይ ግራጫ፣ ከውስጥ ነጣ ያለ ነው። የሰውም እንዲሁ ነው። ግራጫው ያስባል እንበል፤ ነጩ ደግሞ መልእክት ያደርሳል። ነጩ ክፍል እጅግ ቀጫጭን ክሮች አሉት። ክሮቹ ስብ የበዛበት ሽፋን ለብሰዋል። ነጭ ያስመሰላቸውም ይኸው ስብ ነው።

ሽፋኑ ምን ይሠራል? በበጋ ከርብ ወይም ከጉማራ ውሃ ጠልፋችሁ ወደ ሽንኩርት ማሳ ስታወርዱ፣ ቦዩ ግራና ቀኙ የጠበቀ ከሆነ ውሃው ቶሎ ይደርሳል። ቦዩ ከፈረሰ ግን ውሃው መንገድ ላይ ይቀራል። በአንጎልም ሽፋኑ ደህና ሲሆን መልእክት ይፈጥናል፤ ሲሳሳ ይዘገያል።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ይህ ሽፋን ሰው ሲወለድ ተሠርቶ አያልቅም። እስከ 25 ዓመት ገደማ፣ ከዚያም በኋላ ይሠራል። መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ከግንባራችን ጀርባ ያለው ክፍል ነው። እሱ ነው «ቆይ እስቲ፣ አስብበት» የሚለን። የ16 ዓመት ጎረምሳ በቁመት አባቱን ቢበልጥም አንጎሉ ገና ቡቃያ ነው። ቡቃያ ሩዝ ላይ የበቀለ አረምና የደረሰ ሩዝ ላይ የበቀለ አረም ጉዳታቸው እኩል ነው እንዴ?

በትንባሆ ውስጥ ኒኮቲን የሚባል ነገር አለ። ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ኒ-ኮ-ቲን። ጭሱ ሲሳብ ኒኮቲን ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል በ10 ወይም በ20 ሰከንድ ይደርሳል። ተመራማሪዎች ለጋ አይጦችን ኒኮቲን ሰጥተው አይተዋል። አይጦቹ ካደጉ በኋላም ነገርን ልብ ብሎ መከታተል አቅቷቸዋል። የሰዎችንም አንጎል በመሣሪያ አንስተው ሲያስተያዩ፣ በሚያጨሱና በማያጨሱ ወጣቶች ነጭ ክሮች ላይ ልዩነት አግኝተዋል። እውነቱን ለመናገር፣ ውጤቱ በየጥናቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ሲጋራው ያመጣው ነው ወይስ ቀድሞም ነበረ የሚለው ክርክርም አላለቀም። ብዙ ዓመት ባጨሱ ሰዎች ግን ክሮቹ ደከም ብለው የታዩበት ጥናት ብዙ ነው። በልጅነቱ የጀመረ ሰው ሱሱ እንደሚጠናበት ደግሞ አያከራክርም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት፣ ከ100 ኢትዮጵያውያን አዋቂዎች ትንባሆ የሚጠቀሙት 5 ያህል ነበሩ። ታዲያ ምን ያሳስባል? ትሉ ይሆናል። ወረታ የመንገድ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠለው ሁሉ ይቆምባታል። በሩዝ አረምና አጨዳ ጊዜም ለቀን ሥራ የሚመጣ ወጣት አለ። ቤተሰቡ አጠገቡ የለም። ሲመሽ ጓደኛው አንድ ይለኩስና «ድካም ያወጣል፣ ሳብ አድርግ» ይለዋል። ድካም አያወጣም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ሲጋራ መሸጥን ከልክሏል። እንግዲህ አባት ልጁን «ሂድና ሲጋራ ገዝተህ ና» ሲል፣ ባለሱቁን ሕግ ያስጥሳል፤ ልጁንም ከሲጋራ ጋር ያስተዋውቃል።

የጀመራችሁ ወጣቶችስ? ስትተዉ ራስ ምታት፣ ብስጭትና እንቅልፍ ማጣት ሊመጣ ይችላል። ሰውነት ኒኮቲን ሲያጣ የሚያደርገው ነው፤ አትደንግጡ። የሚከፋው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ነው። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። ለዚያን ሰሞን ከሚያጨስ ጓደኛ ጋር አታምሹ። ከከበዳችሁም ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ለባለሙያው ንገሩት።