የደጋው እሳትና የአፈሩ ድርሻ

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ የክረምቱ ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ከወጣ በኋላ፣ እናቶችና ልጃገረዶች ከበረት የወጣውን እበት ከጭድ ጋር ለውሰው በእጃቸው እየጠፈጠፉ በመስኩ ላይ ያሰጡታል፤ ሲደርቅም ኩበቱን እንደ ትንሽ ጎጆ አድርገው ይከምሩና የሚቀጥለው ዝናብ እንዳያበሰብሰው ውጭውን በእበት ይመርጉታል። አገሩ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ ብርዱ የጸና፣ እንደ ወፍ ዋሻ ያለው ጥንታዊ ደን በገደሉ አፋፍ ተወስኖ ሜዳው ከባሕር ዛፍ በቀር እንጨት የራቀው ስለ ሆነ፣ ኩበት ባይኖር ደገኛው በምን አብስሎ በምን ይሞቅ ነበር ማለት ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ በምድጃው የሚነደው ኩበት ከገብሱ ማሳ የተነጠቀ ሲሳይ ነው፤ እበቱ ሲቃጠል በውስጡ የነበረው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይበተናልና ለመሬቱ ከአመድ በቀር የሚተርፈው የለም። ጭሱም ቢሆን መጀመሪያ የሚያርፈው ከምድጃው ዳር በተቀመጠችው እናት ዓይንና ሳንባ ላይ ነው።

በአንድ ወገን ለአፈር የሚገባውን እንዲህ እያነደድን፣ በሌላው ወገን ደግሞ ሊነድ የሚችለውን የሽንት ቤት ፍሳሽ በጉድጓድ አከማችተን፣ ጉድጓዱ ሲሞላ በመኪና አስመጥጠን ከዓይናችን በማራቃችን ብቻ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል።

እበትም ሆነ ዓይነ ምድር ከውኃ ጋር ተበጥብጦ ማብላያ በሚባል አየር በማይገባበት ጉድጓድ ሲከተት፣ ዓይን የማያያቸው ረቂቃን ተሕዋስያን እየበሉ ያፈርሱትና፣ ከግማሹ የሚበልጠው ሚቴን የሆነ፣ ያለ ጭስ በሰማያዊ ነበልባል የሚነድ፣ ባዮጋዝ የተባለ ጋዝ ያወጣሉ፤ ጋዙም ከማብላያው ጉልላት ሥር ተጠራቅሞ በቧንቧ ወደ ማድ ቤት ይሄዳል። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን በጉድጓዱ የሚቀረው ነው። እሳት የሚሆነው ካርቦኑና ሃይድሮጅኑ ስለ ሆነ፣ ናይትሮጅኑና ፎስፎረሱ በዝቃጩ ውስጥ ይቆያሉ፤ ስለዚህ ያው አንድ እበት ምድጃውንም ማሳውንም ያገለግላል ማለት ነው።

ጥበቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት የተጀመረው በ1950 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን እዚህም እዚያም እየተሞከረ ሲቀር ኖሮ፣ በ2001 ዓ.ም. ገደማ ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ኤስ ኤን ቪ በተባለው የኔዘርላንድ ድርጅት አጋዥነት በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ሥራ ጀመረ። ከኔፓል የመጣው ንድፍ ለአገራችን እንዲስማማ ተሻሽሎ «ስንዱ» የሚል ስም ወጣለት፤ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት 14 ሺህ ማብላያ ሊሠራ ታስቦ 8 ሺህ ያህል ተሠራ።

ለሰሜን ሸዋ ደጋ ግን ፈተናው ከሌላው አገር ይብሳል። ረቂቃኑ ተሕዋስያን 35 ዲግሪ ገደማ የሆነ ሙቀት ይወዳሉ፤ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆንባቸው ሥራቸውን ወደ ማቆም ይደርሳሉ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የደብረ ብርሃን ውርጭ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ስለዚህ ማብላያው ከመሬት በታች ሊቀበር፣ ጉልላቱም አፈር ሊለብስ፣ እበቱ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆይም ጉድጓዱ ከቆላው ይልቅ ሰፋ ተደርጎ ሊሠራ ይገባል፤ ከአንኮበር ቁልቁል በአልዩ አምባ በኩል ወደ ቆላው የወረደ ሰው ግን ያንኑ ማብላያ ቢሠራ በቶሎ ጋዝ ያገኛል። በዚህ ላይ ለእበቱ እኩያ የሚሆን ውኃ በየቀኑ ያስፈልጋል፤ ቀጂዋ ደግሞ ያችው እናት ናት። ተራው የባዮጋዝ ምድጃ ወጡን ይሠራል፣ ቡናውን ያፈላል እንጂ ሰፊውን የእንጀራ ምጣድ እኩል አያግልም፤ ከቤት ውስጥ ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደውም እንጀራ ነውና የኩበቱ ክምር ያንሳል እንጂ አይጠፋም።

ሽንት ቤቱን ከማብላያው ጋር ማያያዝ ሲነሳ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ፊቱን ያዞራል፤ «በዚህ እሳት የበሰለ እንዴት ይበላል?» ይላል። ይህን ጥያቄ መናቅ አይገባም፤ ንጹሑን ከርኩሱ መለየት በሕዝባችን ኅሊና ውስጥ ሥር የሰደደ ነገር ነውና። ይሁን እንጂ ኦሪት ዘዳግም የእስራኤል ሠራዊት ከሰፈር ወጥቶ፣ ቆፍሮ፣ ዓይነ ምድሩን አፈር እንዲያለብስ ያዝዛል፤ ማብላያውም ይህንኑ መቅበር አጥብቆ የሚፈጽም ነው። ከላም እበት የወጣው ሚቴንና ከሰው የወጣው ሚቴን አንድ ናቸው፤ ነበልባሉም ወደ ድስቱ የሚያደርሰው እድፍ የለም። ምንጩንና ወንዙን የሚበክለው ሜዳ ላይ የሚጣለውና ከተደረመሰ ጉድጓድ የሚፈሰው ነው፤ እኔ በበኩሌ ልናፍር የሚገባን በዚያ ይመስለኛል።

እርግጥ የአንድ ቤተሰብ ዓይነ ምድር ብቻውን ብዙ አያነድም። አንድ ሰው በቀን የሚሰጠው ጋዝ ከ25 እስከ 30 ሊትር ያህል ስለ ሆነ፣ የአምስት ሰው ጋዝ ምድጃውን ከግማሽ ሰዓት በላይ አያቆየውም፤ ለገበሬ ቤት ዋናው እበት ሆኖ፣ ቢያንስ አራት ከብት ያስፈልገዋል። 10 ሺህ ሰው በአንድ ግቢ በሚኖርበት ግን በቀን 250 ሜትር ኩብ ይገኛል፤ ይህም በሚሰጠው ሙቀት ከ150 ሊትር ነጭ ጋዝ ጋር ይቀራረባል። በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1994 ከደረሰው የዘር እልቂት በኋላ ወህኒ ቤቶቹ በእስረኛ ተጨናንቀው፣ ፍሳሹ አካባቢውን ሲያስጨንቅ፣ የማገዶውም ፍጆታ ደኑን ሲጨርስ፣ የኪጋሊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም ከመሬት በታች ትላልቅ ማብላያዎችን ሠርቶ የማገዶውን ፍጆታ ወደ ግማሽ ዝቅ ስላደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የአሽደን ሽልማትን ተቀበለ። እንግዲህ ተማሪዎቹን በግቢው አሳድሮ የሚመግበው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፣ እንደዚሁም ሆስፒታልና ማረሚያ ቤት፣ ፍሳሻቸው አስቀድሞ በአንድ ቦታ የተሰበሰበ፣ ማድ ቤታቸውም በአጠገቡ ያለ ስለ ሆነ፣ ሥራው ከእነርሱ ቢጀመር ከገበሬው ቤት ይልቅ ይቀልላል።

ከእንዲህ ያለ ግቢ የሚወጣው ዝቃጭ ግን ከእበቱ ዝቃጭ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል፤ የወስፋት እንቁላል በደጋው ብርድ በማብላያው ውስጥ ሳይሞት ሊያልፍ ይችላልና። ስለዚህ ከጭድና ከቅጠል ጋር ተከምሮ፣ ግሎና ብስባሽ ሆኖ ለወራት ከቆየ በኋላ፣ ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣ ሳይሆን በቅድሚያ ለባሕር ዛፉ ችግኝና ለገብሱ ማሳ ይሰጣል።