ነጋዴው በመኪናው ላይ በገዛ እጁ ሊሠራው ስለሚችለው

በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ለሚነግድ ሰው መኪና እንደ ሚዛንና እንደ መደርደሪያ ያለ የሥራ ዕቃ ነው። ጧት ከመርካቶ ጭኖ ይመጣል፤ ቀትር ላይ ቃሊቲ ጉምሩክ ይደርሳል፤ ሲያሻውም በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ አዳማ ይወርዳል። መኪናው ጋራዥ የዋለ እንደ ሆነ የዚያ ቀን ንግድ ግማሹ ቀረ ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ቀረጡን አከበደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት አስታወቀ። ስለዚህ በእጅ ያለውን መኪና የሚተካ ሌላ በቀላሉ የማይገኝ በመሆኑ፥ ባለቤቱ ራሱ ሊሠራው የሚችለውን ከባለሙያው ሥራ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ራዲያተር። የአቃቂ ምድር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ስለ ሆነ፥ በክፍት ድስት የተጣደ ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በራዲያተሩ ውስጥ ግን ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ግፊቱን አፍኖ የሚይዘው ክዳን ነው። የክዳኑ ጎማ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ከአዳማ ሽቅብ በሚመለስ ጭነት ላይ ሞተሩ ይግላል፤ ባለቤቱም የአንድ ክዳን ጥፋት መሆኑን ሳያውቅ ፖምፓ ያስለውጣል። ክዳኑን መመርመር ለማንም አይከብድም፤ ነገር ግን ሞተሩ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ የከፈተው ሰው ፊቱን በእንፋሎት ይቃጠላል። የሚጨመረውም ለራዲያተር የተዘጋጀው ፈሳሽ ይሁን፤ ከጉድጓድ የሚወጣ ውኃ ማዕድኑን በቀጫጭኑ ቱቦዎች ውስጥ እያስቀመጠ ይደፍናቸዋል።

የአየር ማጣሪያው ከወረቀት የተሠራ ከሆነ በውኃ አይታጠብም። ቀስ ብሎ መትቶ አቧራውን ማራገፍ፥ የተቀደደ ከሆነም መለወጥ ነው።

አሁን ወደ ውስጠኛው ልብስ፥ ጋራዦች ታፒሴሪያ ወደሚሉት እንለፍ። በጸሐፊነት በምይዘው የወጪ መዝገብ ላይ እንደማየው፥ በትንሹ ሳለ ችላ የተባለ ልብስ ኋላ ሙሉውን ያስለውጣል። የጣሪያው ጨርቅ ሲንጠለጠል ብዙዎች በመርፌ ቁልፍ ይወጉታል፤ ወይም ማስቲሽ ቀብተው መልሰው ይለጥፉታል። ሁለቱም አይበጁም። ከጨርቁ ጀርባ ያለው ስስ ስፖንጅ በሙቀትና በዕድሜ ብዛት ዱቄት ስለሚሆን፥ ማስቲሹ የሚይዘው ዱቄቱን ነው። ትክክለኛው ሥራ የጣሪያውን ሰሌዳ አውርዶ አሮጌውን ስፖንጅ በብሩሽ ጠርጎ ማጥራት ነው። ከዚያም ስፖንጅ ያለበትን አዲስ ጨርቅ አዘጋጅቶ ማስቲሹን በስሱ በሁለቱም ፊት ይቀባሉ፤ ጣት ሲነካው ሳይርስ የሚጣበቅ እስኪሆን ይቆያሉ፤ በመጨረሻም ከመካከል ወደ ዳር እያሹ ይለጥፋሉ። ማስቲሹ የበዛ እንደ ሆነ ጨርቁን ዘልቆ ያቆሽሻል። ሽታው ራስ የሚያዞር፥ በእሳትም ቶሎ የሚያያዝ ስለ ሆነ ሥራው በደጅ ይሁን፤ ሲጋራም አይጨስ።

የበሩን የውስጥ ሽፋን በካቻቪቴ የሚያወልቅ ሰው የፕላስቲክ ማያያዣዎቹን ሰብሮ ያበቃል። ጠፍጣፋ እንጨት ከማያያዣው አጠገብ አስገብቶ አንድ በአንድ ማንሣት ይሻላል። ከሽፋኑ በስተ ኋላ የተለጠፈ ላስቲክ አለ፤ ብዙ ሠራተኛ ትርፍ መስሎት ይጥለዋል። ይህ ላስቲክ ግን በመስኮቱ ጎን የሚወርደውን የክረምት ዝናብ ወደ በሩ ግርጌ የሚመልስ ነው፤ የሌለ እንደ ሆነ ሽፋኑ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። በበሩ ግርጌ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎችም በአቧራ ከተደፈኑ ውኃው ታቁሮ ላሜራውን ያዝገዋል። በቀጭን እንጨት መጥረግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የተቀደደ ወንበር ቀዳዳው ሳይሰፋ ከውስጥ ጠንካራ ጨርቅ አስደግፎ በቆልማማ መርፌ ይሰፋል።

ሽፋን ሲነሣ ቢጫ መሸፈኛ ያለው ሽቦ ከታየ ግን እጅን መሰብሰብ ነው፤ በአደጋ ጊዜ የሚነፋው ኤርባግ ሽቦ ነውና በስሕተት ቢፈነዳ ሰው ይጎዳል። ፍሬንም የባለሙያ ነው። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባትማ ለባለሙያም አልተፈቀደም፤ ጠንካራ መደገፊያ ያሻል።

ጨርቅና ማስቲሽ መርካቶ ይገኛል። ለማያያዣዎቹ ሶማሌ ተራ ሲሄዱ የተሰበረውን ይዞ መሄድ ይበጃል፤ ሻጮቹ የሚያውቋቸው በስም ሳይሆን በመልክ ነው።