ቤት የዘጋን ሰው መሸፈን፦ ሲትር ወይስ ውሸት?

  

የዛሬው ርእሳችን ከአቦምሳ የአንዲት እናት ጥያቄ ነው። ልጃቸው ከዐረብ አገር ተመልሳ ቤት ከገባች ወራት ተቆጥረዋል። ሰው ማየት አትፈልግም፤ ጎረቤት ለቡና ሲመጣ ጓዳ ትገባለች። ጠያቂው ግን ብዙ ነው። ለምን ተመለሰች? ምን ይዛ መጣች? ለምን አትወጣም? እናት ሲጨንቃቸው «አዳማ አክስቷ ዘንድ ናት» ማለት ጀመሩ። አሁን ደግሞ ትንሹ ወንድሟ በር ላይ ቆሞ ይህንኑ ይመልሳል። «ልጄን ከሰው ዐይንና ከሰው አፍ ላድናት ብዬ ነው፤ ወንጀል ይሆንብኛል ወይ?» ይላሉ።

ጥያቄው የእኚህ እናት ብቻ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከ150 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል። ከመካከላቸው ስንቶቹ ቤት ዘግተው እንደተቀመጡ የሚያውቀው አላህ (ሱ.ወ.) ነው።

በመጀመሪያ፣ ከሰው ዐይን መራቅ በራሱ ነውር አይደለም። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ሰዎች በሥልጣን ሲሻሙ ግመሎቻቸውን ይዘው ገለል ብለው ነበር። ልጃቸው መጥቶ ሲወቅሳቸው ደረቱን መታ አድርገው፣ አላህ ፈሪ የሆነን፣ የተብቃቃንና የተሰወረን ባሪያ እንደሚወድ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስማታቸውን ነገሩት። ኡወይስ አልቀረኒም ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ለኩፋ ገዥ ደብዳቤ ልጻፍልህ ሲሏቸው፣ ከተራው ሰው መካከል ሆኖ መኖርን መረጡ። ኋላም ሰዎች ማንነታቸውን ባወቁ ጊዜ አካባቢውን ጥለው ሄዱ። ሁለቱንም ሐዲሦች ሙስሊም ዘግበዋቸዋል።

ሁለተኛው ነጥብ ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ነው። የቤት ባለቤት እንግዳን «ዛሬ አይመችም» የማለት መብት አለው። በሱረቱ አን-ኑር ቁጥር 27 እና 28 አላህ ሳናስፈቅድ የሰው ቤት እንዳንገባ አዞናል፤ ተመለሱ ከተባልንም መመለሱ ለእኛ የጠራ መሆኑን ነግሮናል። ስለዚህ «ልጄ እረፍት ትፈልጋለች፤ ዱዓ አድርጉላት» ማለት በቂ መልስ ነው። ውሸቱ የሚመጣው ይህን እውነት ለመናገር ስለምናፍር ነው።

ጠያቂው አልለቅ ካለስ? እዚህ ላይ ዑለማእ «ተውሪያ» የሚሉት አለ። ይኸውም በራሱ እውነት የሆነ፣ ሰሚው ግን በሌላ መንገድ ሊረዳው የሚችል ንግግር ነው። በሂጅራው ጉዞ ላይ አቡ በክርን (ረ.ዐ.) የሚያውቁ መንገደኞች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ባለመለየታቸው ማንነታቸውን ሲጠይቁ፣ መንገድ የሚመራኝ ሰው ነው ብለው መልሰዋል። ጠያቂው የበረሃውን መንገድ መሰለው፤ እርሳቸው የአሰቡት የኸይርን መንገድ ነበር። የራሳችን አገር ንጉሥ ነጃሺም ሕዝባቸው ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) እምነታቸውን ጠይቆ በተነሳባቸው ጊዜ፣ ሸሃዳቸውን ጽፈው ከልብሳቸው ሥር አኑረው፣ እጃቸውን በላዩ አሳርፈው ከዚህ እንደማያልፉ መናገራቸውን ኢብኑ ኢስሓቅ ዘግበዋል። ታቢዒዩ ኢብራሂም አን-ነኸዒም መገናኘት የማይፈልጉት ሰው ሲመጣ፣ መስጊድ ፈልገው በዪው ይሉ ነበር እንጂ የለም በዪው አይሉም ነበር።

ግልጽ ውሸትስ? ኢማም አን-ነወዊ፣ በዳይ ሊገድለው የሚፈልገውን የተደበቀ ሙስሊም ለማዳን መዋሸት ግዴታ እንደሚሆን፣ በዚያም ቢሆን ተውሪያ የተሻለ ጥንቃቄ መሆኑን ጽፈዋል። የቡና ጎረቤት ግን ገዳይ አይደለም። እናታችን፣ ልጅዎን መሸፈንዎ ሲትር ነው፤ አጅር ይገኝበታል ኢንሻአላህ። «አዳማ ናት» የሚለውን ግን ይተዉት። በላዩ ላይ «ወላሂ» ከመጨመርማ አላህ ይጠብቀን።

በተለይ ትንሹን ልጅ ያስቡት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንዲት እናት ልጇን «ና ልስጥህ» ብላ ስትጠራው ሰምተው ምን ልትሰጠው እንዳሰበች ጠየቋት። ተምር ነው አለች። ምንም ባትሰጠው ኖሮ ውሸት ይጻፍባት እንደነበር ነገሯት። ሐዲሡን አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ዛሬ ለእህቱ ብሎ የዋሸ ልጅ ነገ ለራሱ ይዋሻል። «እናቴን ልጥራልዎት» ማለትን ያስተምሩት።

መሸፈንም ወሰን አለው። ልጅቷ ከታመመች ከሐኪም መደበቅ ሲትር አይባልም። ደመወዟ ከተበላ ወይም ግፍ ከደረሰባት፣ እርሷ በፈቀደችው መንገድ መብቷን ለሚያስከብርላት ሰው መናገር ይገባል። ተውሪያም የሰውን ሐቅ ለመብላት ከሆነ ሐራም ነው። ለእርሷ ለራሷም በሩን ቀስ እያሉ ይክፈቱላት፤ ዛሬ ከአንዲት ጓደኛዋ፣ ነገ ከአክስቷ ጋር ታገናኟት።

እኛ ጎረቤቶችስ? እናትን ውሸት ውስጥ የከተታት ጥያቄያችን ነው። በሱረቱ አል-ሑጁራት ቁጥር 12 ከመሰለል ተከልክለናል። ቡናችንን ጠጥተን፣ ዱዓ አድርገን፣ ስለ ጓዳው ሳንጠይቅ እንውጣ። ያየነውን በስልክ ፎቶ አንስተን አናሰራጭ። የወንድሙን ነውር የሸፈነን አላህ በዱንያም በአኺራም ይሸፍነዋል።

አላህ ቤታችንን በሲትሩ ይሸፍንልን፤ ምላሳችንን እውነተኛ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።