ጆርጅ አልፍሬድ ግራንት፤ በቅኝ አገዛዝ ዘመን የጎልድ ኮስት ነጋዴና የፖለቲካ ሰው

የምዕራብ አፍሪካ የነጻነት ታሪክ ሲነሣ ስማቸው አስቀድሞ የሚጠራው ጠበቆች፥ መምህራንና ጋዜጠኞች ናቸው። ነጋዴው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ትርፉንና ሰላሙን የሚወድ ስለሆነ ከገዥው መንግሥት ጋራ መጣላት አይሻም ተብሎ ይታሰባልና። ይህ አሳብ ምን ያህል እውነት እንደሆነ ለመመርመር፥ ዛሬ ጋና በምትባለው በቀድሞዋ ጎልድ ኮስት የኖሩትን የእንጨት ነጋዴ የጆርጅ አልፍሬድ ግራንትን ሕይወት በአጭሩ እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግራንት በ1878 በንዜማ ምድር ቤዪን በተባለች የባሕር ዳር መንደር ተወለዱ። አያታቸው ፍራንሲስ ቻፕማን ግራንት የፋንቲ አገሮች ራሳቸውን ለማስተዳደር ባቋቋሙት ኅብረት ውስጥ ገንዘብ ያዥ ነበሩ፤ ስለዚህ ንግድና ፖለቲካ በቤተ ሰቡ ውስጥ አዲስ ነገር አልነበሩም። ልጁ በኬፕ ኮስት በሚገኘው የዌስሊያን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በእንጨት ንግድ ተቀጥረው ሠሩ። በ1896 ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳሉ በስማቸው የሚጠራ ኩባንያ አቋቋሙ።

የዚያን ጊዜ የማሆጋኒ ንግድ እንዴት ይካሄድ እንደነበረ መረዳት ያስፈልጋል። ዛፉ በደን ውስጥ ተቈርጦ በሰው ጉልበት እየተጐተተ እስከ ወንዝ ይደርሳል፤ ወንዙ ሲሞላ ግንዱ እየተንሳፈፈ ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል፤ ከዚያም በአክሲም ጠረፍ በማዕበሉ መካከል ተጐትቶ ራቅ ብሎ በቆመው መርከብ ላይ ይጫናል። በዚህ ሁሉ ድካም ውስጥ አፍሪካዊው ሠራተኛና አፍሪካዊው ነጋዴ አሉ። መርከቡ ግን የአውሮፓ ኩባንያ ነው፤ ዋጋውም የሚወሰነው በአውሮፓ ገበያ ነው። ግራንት ይህን አስተውለው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን መርከቦች ተከራይተው እንጨታቸውን በራሳቸው ወደ ብሪታንያና ወደ አሜሪካ መላክ ጀመሩ። ከ1920 እስከ 1922 ባለው ጊዜም በሎንዶን፥ በሊቨርፑልና በሐምቡርግ ቢሮ ከፈቱ።

ይሁን እንጂ የአንድ ነጋዴ ብልኅነት የአገዛዙን ሥርዓት ሊያሸንፍ አልቻለም። በ1929 ሁለት ታላላቅ ድርጅቶች ተዋሕደው ዩናይትድ አፍሪካ ኩባንያ ተመሠረተ፤ የምዕራብ አፍሪካ ንግድም ይበልጡን በጥቂት እጆች ተያዘ። በ1937 የአውሮፓ ድርጅቶች የካካዎን መግዣ ዋጋ ለመቈጣጠር በመስማማታቸው፥ ገበሬዎቹ ምርታቸውን አንሸጥም ብለው አደሙ። ገበሬው የዓለም ዋጋ ከፍ ቢል እንኳ «ሺ ቢታለብ ያው በገሌ» ከማለት በቀር ምርጫ አልነበረውም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ የውጭ ዕቃ ማስገቢያ ፈቃድ የሚሰጠው ነጋዴው ከጦርነቱ በፊት ባስገባው ዕቃ መጠን ሆነ። ደንቡ በቃሉ ለሁሉም እኩል ይመስላል፤ በውጤቱ ግን ቀድሞ ብዙ የነበረው ብዙ እንዲያገኝ፥ ትንሽ የነበረው ደግሞ ትንሽ እንደሆነ እንዲቀር የሚያደርግ ነበር።

ግራንት ከ1926 ጀምሮ የሴኮንዲ ከተማን ወክለው በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተቀምጠው ነበርና የዚህን ምክር ቤት ዐቅም በሚገባ ያውቁ ነበር። በዚያን ጊዜ አብላጫው ወንበር የመንግሥት ሹማምንት ስለነበረ፥ የአፍሪካውያኑ ድምፅ አቤቱታ ከመሆን አያልፍም ነበር። በኋላም በ1948 ለዋትሰን መርማሪ ኮሚሽን በሰጡት ቃል፥ ወደ ፖለቲካ ትግል የገፋፏቸው የፈቃዱ አሰጣጥና የምክር ቤቱ አሠራር መሆናቸውን አስረድተዋል።

ስለዚህ በኦገስት 4 ቀን 1947 ዶክተር ዳንኳና ሌሎችም የተማሩ ሰዎች በተገኙበት በሶልትፖንድ ከተማ የተባበረው የጎልድ ኮስት ጉባኤ ሲመሠረት፥ ሊቀ መንበሩ እኒሁ የ68 ዓመት ሽማግሌ ሆኑ። ጉባኤው በሎንዶን የነበሩትን ክዋሜ ንክሩማህን ዋና ጸሓፊ እንዲሆኑ ጠራቸው፤ ለመንገድ የሚያስፈልገውን 100 ፓውንድ የሰጡትም ግራንት እንደሆኑ ይነገራል። ንክሩማህ በ1935 ኢጣሊያ ኢትዮጵያን መውረሯን በሎንዶን ጐዳና ላይ በጋዜጣ ማስታወቂያ አንብበው እጅግ መቈጣታቸውን በሕይወት ታሪካቸው የጻፉ ሰው ናቸው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ሽማግሌው ካሰቡት ይልቅ ፈጠነ። በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1948 በሰላማዊ ሰልፍ ላይ የነበሩ የቀድሞ ወታደሮች በአክራ ተተኵሶባቸው ሦስት ሞቱ፤ ሁከትም ተነሣ፤ ስድስት የጉባኤው መሪዎች ታሰሩ። ጉባኤው ራስን የማስተዳደር መብት በሚቻለው አጭር ጊዜ ይምጣ ሲል፥ ንክሩማህ «አሁኑኑ» ብለው በጁን 1949 የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ። በ1951 በተደረገው ምርጫም ድሉ የዚህ ፓርቲ ሆነ።

የዚህ ምክንያቱ የሁለት ሰዎች ጠብ ብቻ አይመስለንም። የማስገቢያ ፈቃድ መከልከል የሚያንገበግበው ነጋዴውን ነው። ሥራ ያጣው የቀድሞ ወታደር፥ ደመወዙ የማይበቃው ጸሓፊና የካካዎ ዛፉ በበሽታ ምክንያት የሚቈረጥበት ገበሬ ግን ለመጠበቅ የሚያስችል ሀብት አልነበራቸውም። ጉባኤው በሩን ከፈተ፤ በበሩ የገባው ሕዝብ ግን ከጉባኤው ይልቅ የቸኰለ ነበር።

በአገራቸው ሰዎች ዘንድ «ፓ ግራንት»፥ ማለትም አባት ግራንት፥ እየተባሉ የሚጠሩት እኒህ ነጋዴ በኦክቶበር 30 ቀን 1956 በአክሲም ዐረፉ። ጋና ነጻነቷን ያገኘችው ከአራት ወር ጥቂት ቀን በኋላ በማርች 6 ቀን 1957 ነው። እንግዲህ በመግቢያችን ላይ ያነሣነው አሳብ በግማሽ ብቻ እውነት ሆኖ እናገኘዋለን፤ ነጋዴ ሰላምን ይወዳል፤ ነገር ግን ሚዛኑ የተዛባ መሆኑን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው በሚዛኑ የሚሸጠው እርሱ ነው። የነጻነትን ታሪክ የሚመረምር ተማሪም ከመሪዎች ንግግር ጋራ የነጋዴውን የሒሳብ መዝገብ አብሮ ቢመለከት መልካም ነው።