ስለ ሐመር ሴቶች የተነሡ ሲኒማዎች

በሲኒማ የተነሣ ሰው በሩቅ አገር ሲታይና ሲፈረድበት፥ ራሱ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ጥቂት ነው። በደቡብ ኦሞ በሚኖሩት በሐመር ሰዎች የሆነውን ብንመለከት ነገሩ ይገለጣል፤ ዓመቶቹን በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን።

ሮበርት ጋርድነር የተባለው አሜሪካዊ በ1974 «የአሸዋ ወንዞች» የሚባለውን ፊልም አወጣ፤ ይኸውም የሐመር ሴቶች ከወንዶች በታች ሆነው የሚያዩትን መከራ የሚያሳይ ነው። ከ1970 ጀምሮ ከሐመር ጋራ የኖሩት ጂን ሊዳልና ኢቮ ሽትሬከር ግን ፊልሙ ሕዝቡን እንደሚገባ አላሳየም ብለው ተቹት።

የሐመር ወጣት ከብት ዘልሎ ለጋብቻ ሲበቃ፥ የዘመዶቹ ልጃገረዶች ራሳቸው ለምነው በልምጭ ይገረፋሉ፤ ጠባሳውም ለዘመዳቸው ያላቸው ፍቅር ምስክር ሆኖ ይቈጠራል። ይህን ያላወቀ ተመልካች ልምጩን ብቻ አይቶ ይወጣል። ልማዱን እናመሰግናለን ማለታችን አይደለም፤ ስለ ጀርባዋ የምትናገረው ግን ባለጀርባዋ ትሁን እንላለን።

በ1990 ሊዳል ከጆአና ሄድ ጋራ ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያሰናዳችው «ፈገግ የሚሉ ሴቶች» ይህን አደረገ። አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሴቶቹ ስለ ጋብቻና ስለ ወሊድ በገዛ ቋንቋቸው ያወራሉ። በ2001 ደግሞ ሊዳል ከልጇ ጋራ ተመልሳ፥ ባልዋ ሁለተኛ ሚስት ያገባባትን ሴት ኑሮ አነሣች።

በዲመካ የቅዳሜ ገበያ ሲበተን ነጭ መጋረጃ ተዘርግቶ አሮጌውም አዲሱም ፊልም ቢታይ፥ ሴቶቹ የሚሉትን ለመስማት እንወድ ነበር።