ቀዩ ጭማቂና የሯጩ ትንፋሽ

ሱሉልታ ላይ ረጅሙን ሩጫ ጨርሰው ሲያፍታቱ ልጆቼ የሚያነሱት ወሬ ተለውጧል። ቀድሞ ስለ ጫማ ነበር። አሁን «ኮች፣ ያ ቀዩ ጭማቂ እውነት ይሠራል?» ይሉኛል። ከውጭ በትንንሽ ጠርሙስ ታሽጎ የሚመጣውን የቀይ ስር ጭማቂ ማለታቸው ነው። የሚጠይቀኝ ልጅ የቤት ኪራይ ከፍሎ በሚተርፈው ብር ምን እንደሚገዛ ነው የሚያስበው። ስለዚህ በችኮላ «አዎ» ወይም «አይ» ልለው አልወድም።

ነገሩ ያለው ናይትሬት ላይ ነው። ተክሎች ከአፈር ይስቡታል፤ ቀይ ስር፣ ቆስጣና ሰላጣ አብዝተው ያከማቹታል። ስንበላው ከአንጀት ወደ ደም ይገባል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። የምራቅ ዕጢዎች ናይትሬቱን ከደም ስበው ወደ አፍ ይመልሱታል፤ ምላስ ጀርባ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ደግሞ ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል። ይህ ከምራቅ ጋር ተውጦ ደም ውስጥ ይገባና ኦክስጅን ባጠረበት ጡንቻ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሆናል፤ የደም ሥርንም ያሰፋል። ናይትሪክ ኦክሳይድ በልብና በደም ሥር ላይ ያለውን ሚና የገለጡ ሦስት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

እንግዲህ ጀርም በሚገድል መድኃኒት አፉን የተጉመጠመጠ ሯጭ እነዚያን ባክቴሪያዎች ይፈጃቸዋል፤ ጭማቂውን ቢጠጣም በደሙ ውስጥ ናይትራይቱ እንደሚጠበቀው አይጨምርም። ጥርሳችሁን ቦርሹ፣ ጭማቂ በምትጠጡ ቀን ግን መጉመጥመጫውን ተዉት እላቸዋለሁ።

ጥናቱን ያስጀመሩት ስዊድኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በደንብ ለሠለጠኑ 9 ወንዶች ናይትሬት ሰጥተው ብስክሌት አስነዷቸው፤ በዚያው ጉልበት ሲነዱ የፈጁት ኦክስጅን ቀነሰ። በአንድ መጠን ሥራ የሚፈጀው ኦክስጅን እንዲህ በቀላሉ የሚነካ አይመስልም ነበር። በ2009 በእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ እነ አንድሩ ጆንስ ለ8 ወንዶች በቀን ግማሽ ሊትር የቀይ ስር ጭማቂ ለ6 ቀን አጠጡ። ሰዎቹ በከባድ ልምምድ እስኪዝሉ የቆዩበት ጊዜ 16 በመቶ ረዘመ። ይህች ቁጥር ናት ሻጮች የሚወዷት። ሆኖም እስኪዝሉ መቆየትና ሰዓት ማሻሻል ይለያያሉ፤ በ2011 እዚያው የተፈተኑ የክለብ ብስክሌተኞች በ4 እና በ16 ኪሎ ሜትር ያሻሻሉት ሰዓት 3 በመቶ አይሞላም። ለእነሱ ይህም ብዙ ነው።

ለሠለጠነ አትሌት ግን ትርፉ እየሳሳ ይሄዳል። በ2012 በደንብ የሠለጠኑ ብስክሌተኞች 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነዱ ልዩነቱ 0.8 በመቶ ብቻ ነበር፤ ያም ከአጋጣሚ የሚለይ አልሆነም። በ2014 ካናዳ ውስጥ በተፈተኑት ምርጥ የ1500 ሜትር ሯጮች ላይ በአማካይ ለውጥ አልታየም፤ ሁለቱ ብቻ ተጠቃሚ መሰሉ። ምክንያቱ አሳማኝ ነው። ለዓመታት የሮጠ ሰው ጡንቻው በቀጫጭን የደም ሥሮች የተሞላ ነው፤ ሰውነቱ ራሱም ናይትሪክ ኦክሳይድን በደንብ ያመርታል። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ደግሞ ናይትሬት ይበልጥ የሚረዳው ፈጣኖቹን የጡንቻ ክሮች ሲሆን፣ የረጅም ርቀት ሯጭ ያለው በአብዛኛው የዝግታዎቹን ነው። ጉድጓዱ ሞልቶ ሳለ ውሃ እንደመጨመር ነው።

ለ2:10 ማራቶን ሯጭ አንድ በመቶ ማለት ከአንድ ደቂቃ በላይ ስለሆነ ልጆቹ ለምን እንደሚጓጉ ይገባኛል። ፍርዴ ግን ይህ ነው፦ ለታላቁ ሩጫ የሚዘጋጅ የቢሮ ሠራተኛ ከዋና አትሌት የበለጠ ሊጠቀም ይችላል። ዋናው አትሌት መሞከር ካማረው በልምምድ ሳምንት ይሞክረው እንጂ ለመጀመሪያ ጊዜ በውድድር ቀን አይጠጣው፤ ሆድ ሊያውክ ይችላል። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያስቀመጡት መጠን ከ310 እስከ 560 ሚሊ ግራም ናይትሬት ነው፤ የሚወሰደውም ከውድድሩ 2 ወይም 3 ሰዓት በፊት። በየጾሙ የምንበላው ቀይ ስር ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ ከናይትሬቱ የተወሰነው አብሮ ይሄዳል፤ ጥሬውን ጨምቆ መጠጣት ይሻላል።

ናይትሬት የተከለከለ አይደለም፤ የማይታወቅ ዱቄት ግን የተከለከለ ነገር ሊቀላቀልበት ይችላል፣ ተጠያቂው ደግሞ አትሌቱ ነው። ከኬሚካል መደብር ናይትሬት ወይም ናይትራይት ገዝቶ መቅመስ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ናይትራይት በዛ ሲል ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፣ ይገድላልም። ቀይ ስር ከጠጣችሁ በኋላ ሽንታችሁ ቢቀላ አትደንግጡ፤ ሳትጠጡ ከከባድ ሩጫ በኋላ ቢቀላ ወይም ቢጠቁር ግን ያንኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።