የመሬትን ጠባይ ያላገናዘበ ሕግ ሕዝብን አይጠብቅም

የተፈጥሮን ሕግጋት በሸንጎ ድምፅ መሻር አይቻልም። ሕግ አውጪው አካል ምንም ያህል ሥልጣን ቢኖረው፣ መሬት የምትናወጥበትን ጊዜም ሆነ ኃይል በአዋጅ ሊወስን አይችልም። ሊወስን የሚችለው በዚያች መሬት ላይ የሚኖረው ሕዝብ በምን ዓይነት ቤት መጠለል እንዳለበት ነው። ይህንንም በትክክል ለመወሰን በቅድሚያ የመሬትን ጠባይ ማወቅ ግድ ይላል።

ወደ አገራችን ተጨባጭ ሁኔታ ስንመለስ፣ ስምጥ ሸለቆው አገሪቱን ሰንጥቆ እንደሚያልፍና ግራና ቀኙም በዝግታ እየተራራቀ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። የዚህ መራራቅ ውጤት የሆነው ርዕደ መሬት በ1953 ዓ.ም ማጀቴን አፈራረሰ፤ በካራቆሬም ብዙ ቤቶችን ጣለ። በ1961 ዓ.ም በአፋር የሰርዶን ከተማ አወደመ። በ2017 ዓ.ም በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ለወራት የቀጠለው መንቀጥቀጥ ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን ከቀያቸው ሲያፈናቅል፣ ንዝረቱ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል።

እንዲህ ያለው ክስተት ተመዝግቦ ካልተያዘ ለሕግ መሠረት ሊሆን አይችልም። በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ማብቂያ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የሚመሰገነውም ስለዚህ ነው። መሥራቹ ካናዳዊው ፒየር ጉዌን ከመሣሪያ ምዝገባ ባሻገር ዜና መዋዕሎችንና የተጓዦችን ማስታወሻዎች መርምረው የአካባቢውን የርዕደ መሬት ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አሳትመዋል።

የዚህ ዓይነቱ ዕውቀት ወደ ደንብ ሲለወጥ ምን እንደሚያስገኝ በሁለት ቁጥሮች እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የሕንፃ ኮድ ስሌቱን የመሠረተው በአማካይ በ100 ዓመት አንድ ጊዜ በሚደርስ ንዝረት ላይ ነበር። በዚህ ስሌት የታነጸ ሕንፃ በ50 ዓመት አገልግሎቱ ከታሰበለት የበረታ ንዝረት የሚገጥመው ዕድል 40 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ማለት ሕንፃው የግድ ይወድቃል ማለት ባይሆንም፣ አደጋው ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኮድ ስሌቱን ወደ 475 ዓመት ከፍ ሲያደርገው ዕድሉ ወደ 10 በመቶ ዝቅ አለ። በዚህ የቁጥር ለውጥ ውስጥ የብዙ ቤተሰብ ሕይወት አለ።

በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም ግንባታ የሕዝብን ጤንነትና ደኅንነት እንዲጠብቅ ደንግጓል። ይሁን እንጂ አዋጅ በራሱ ብረት አያስርም። ፌራዮው በኮሎኑ ላይ ስታፋውን ካራራቀ፣ ግንበኛው ሲሚንቶ ከቀነሰ፣ ተቆጣጣሪውም አይቶ እንዳላየ ካለፈ፣ የዓመታት ምርምርና የሸንጎው ውሳኔ እዚያው ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል።

ስለሆነም ሕግ አውጪው የመሬት ሳይንስ ባለሙያውን የሚያማክረው መሬት በተናወጠ ማግሥት ብቻ መሆን የለበትም፤ ለጥናቱ በጀት፣ ለቁጥጥሩም ሥልጣን ሊሰጥ ይገባል። በቀድሞው ስሌት የተሠሩ ሕንፃዎችም መፈተሽ አለባቸው። በበኩላችን በሰፈርና በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ማኅበሮቻችን ስለ ጽዳትና ስለ ጥበቃ እንደምንወያየው ሁሉ፣ ቤታችን በየትኛው ኮድ እንደታነጸና ምሰሶው ለሱቅ ማስፊያ ተብሎ እንዳይነካ መጠየቅና መከታተል ይጠበቅብናል። ሠራተኛውም በእጁ የያዘው ስታፋ የሕግ አንቀጽ መሆኑን ሊገነዘብ ይገባዋል።